ቆጮው እስኪቀዘቅዝ የለመንነው አምበል

ግንቦት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
አራዳ፣ እሪ በከንቱ

ለክቡር አቶ ዘርዓብሩክ ምንውዬለት
የንስር አራዳ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አምበላችን ኢልያስ እሑድ እንዳይሰለፍ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ራስዎ ከማንኛውም ምታት የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ራስ ማለት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ በዚህ ዓመት ከእርስዎ ክለብ በላይ ያስተማረኝ የለምና። ስለ እኔ ከጠየቁ ደኅና ነኝ። ብርድ ሲነካኝ ጉልበቴ ይቆረጣጥመኛል እንጂ ስሜን፣ የቤቴን በርና የቀበርኳቸውን ወዳጆቼን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ይህም በክለባችን ውስጥ ለሁሉም ያልተሰጠ ጸጋ ስለሆነ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ።

ስሜ ከጠፋብዎ፣ ወልደገብርኤል አንተነህ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የክለቡ ወጌሻ ነኝ። ሰው ሲጎድል ደግሞ ዕቃ ያዥም፣ ውሃ አቀባይም፣ ያለ እሱ ማንም ተጫዋች ሜዳ የማይገባበት ቴሴራ የሚባለው የመታወቂያ ካርድ ጠባቂም እኔው ነኝ። ተጫዋች በወደቀ ቁጥር ሰማያዊ ቦርሳ አንግቦ እያነከሰ የሚሮጠው፣ ደጋፊው «ጋሼ፣ ቃሬዛው ለእርስዎ ይምጣ?» እያለ የሚስቅበት ሽማግሌ እኔ ነኝ። ከክቡር ትሪቡንዎ ላይ ሆነው አብረው ሲስቁ ስላየሁዎት ሳያውቁኝ አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ።

በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቴ ሳዘግም ስብሰባውን ፒያሳ ኬክ ቤት ውስጥ በመስታወት አየሁት፤ ተሰብሳቢው እርስዎና አንድ ማኪያቶ ነበራችሁ። እጄን ባወዛውዝልዎ እርስዎም በትሕትና አወዛወዙልኝና ፊትዎን ወደ ጋዜጣዎ መለሱ። ጋዜጣ ማንበብ እንደሚወዱ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤዬን ወደሚያነቡት ቦታ ልኬዋለሁ።

ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። እሑድ ክለባችን ከሊጉ ላለመውረድ የመጨረሻውን ጨዋታ ይጫወታል። ክቡርነትዎ ኢልያስ በመሀል ተከላካይነት እንዲሰለፍ አዘዋል። ሐኪሙ ደግሞ ኢልያስ ራሱን አንድ ጊዜ እንኳ ቢመታ ሊሞት፣ ካልሞተም በሕይወት እያለ ሊጠፋ እንደሚችል ጽፏል። የእሱና የእኔ ቤት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ስሙን ከማወቁ በፊት ጀምሮ የማውቀውን ልጅ፣ ስሙን ወደማያውቅበት ሲመለስ ቆሜ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ምስጋናዬንም ልመናዬንም በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ካባው ላመስግንዎ። ከሦስት ዓመት በፊት በሰኔ ወር ኢልያስ በቃኝ ሲል፣ ጃንሜዳ ላይ የመሰናበቻ ጨዋታ አዘጋጅተው፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ጥቁር ካባ ደርበውለት፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ያለቀሱትን ልቅሶ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። «ንስራችን ወደ ጎጆው ገባ» ብለው ሲናገሩ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም አልቅሻለሁ። ሚስቱ ሁዳ አጠገቤ ቆማ ነበር። በየእሑዱ ባሏ እስኪመለስ የምትይዘውን ትንፋሽ ገና ያን ቀን እንደለቀቀችው ነገረችኝ። ካባው ዛሬም ቤታቸው ግድግዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል፤ የሰባት ዓመት ልጃቸው ካሚላ «የአባዬ ጡረታ» ብላ ትጠራዋለች። ጡረታው ተሰቅሎ ቀረና ጡረተኛው በአምስት ወሩ ወደ ሜዳ ተመለሰ።

፪. እንዴት እንደተመለሰ ደጋፊው በደንብ አያውቅም፤ እኔ ግን ስለነበርኩበት ልናገር። አዲሱ ዓመት ገብቶ ጥቅምት ላይ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍን። ክቡርነትዎ ራስዎ ሄደው ኢልያስን መለመን ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ለእርስዎ እምቢ ማለት እንደሚችል ያውቃሉ። ለሽማግሌ እምቢ ማለትን ግን ያስተማረው ሰው የለም። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌ መረጡ። ሐጂ ኡመርን መረጡ፣ አባቱ ሲሞቱ እንደ አባት ሆነው ያሳደጉት ናቸውና። መምህር ዕዝራን መረጡ፣ ፊደል ያስቆጠሩት ናቸውና። እኔን መረጡ፣ አጥንቱን የማውቀው እኔ ነኝና። እንደዚህ ያለ ምርጫ ለአጥቂ መስመራችን ቢያደርጉ ኖሮ ዛሬ የመውረድ ሥጋት አይኖርብንም ነበር።

የኅዳር ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ሄድን። ሁዳ በደስታ ተቀበለችን፤ ለምን እንደመጣን አላወቀችም። ቆጮ ከጎመንና ከአይብ ጋር አቀረበች፤ ሥጋውን የተወችው እኔን ክርስቲያኑን ብላ ነው። እኛም እንደ ወጉ እጃችንን ሰብስበን፣ የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም እህል አንቀምስም አልን። ክቡር ሆይ፣ ይህ ወግ የተጣላን ለማስታረቅ፣ ልጅ ለመዳር፣ ደም ለማድረቅ የቆየልን ነው። የማዕዘን ምት ለመከላከል በሥራ ላይ ያዋሉት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ስለሆኑ ታሪክ ይመዘግብዎታል። ኢልያስ አንገቱን ደፋ። ሐጂ ተናገሩ፣ መምህር ተናገሩ፣ እኔም ተናገርኩ፤ ቁርጭምጭሚቱ ገና ጠንካራ ነው ብዬ መሰከርኩ። ስለ ቁርጭምጭሚቱ አልዋሸሁም። ቆጮው ቀዘቀዘ፣ አይቡ ጠርዝ ጠርዙን ደረቀ፣ ሁዳ በር ላይ ቆማ ሌሎቹን ትታ እኔን ብቻ ታየኝ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ከቤቱ ጦሙን ሲወጣ ማየት ያልቻለው ልጅ «እሺ፣ ብሉልኝ» አለ።

ውሉን የፈረመው በዚያች ቃል ነው። እኛም በላን። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ እንደገና ላኩን፣ ሄድን፣ በላን። ዘንድሮም መስከረም ላይ ላኩን። በሦስተኛው ጊዜ ግን ሁዳ ምግብ አላቀረበችም፤ ሦስት ብርጭቆ ውሃ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኛ ግን፣ ኀፍረታችን የት እንደገባ እንጃ፣ ውሃውንም አንቀምስም አልን። ኢልያስ በሚስቱና በእኛ መሀል አፍሮ «እሺ» አለ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ ሴቶቻችን። ድስቱን የጣድነው እኛ ስለሆንን ለቅሶውም የእኛ ነው።

፫. በሬዲዮ ቀርበው «ኢልያስ ገና የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፣ ኢልያስ ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ አያረጅም» ብለው ስላሳወቁን እናመሰግናለን። ብረትስ እውነትም አያረጅም፤ ይዝጋል እንጂ። ስለ ሠላሳ አምስቱ ግን ይቅርታ ይደረግልኝና ኢልያስ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህን እንዴት አወቅህ ቢሉኝ፣ አራቱን ዓመት የሰረቅኩት እኔ ነኝ።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለታዳጊ ቡድናችን ልጅ ጎደለን። ኢልያስ ሃያ ሞልቶት ነበር፤ ቁመቱ ግን ገና አልተመዘዘም፣ ጢምም የለውም። የያኔው የቡድን መሪ ቅጹን ሰጠኝ፤ እኔም በ1979 የተወለደውን ልጅ በገዛ እጄ ጽሑፍ 1983 ብዬ አስገባሁት። በየክለቡ የሚደረግ ነበር፤ ማንም እንደ ኃጢአት አይቆጥረውም። 1983ን የመረጥኩት ደግሞ ሲጠየቅ እንዳይደናገር ነው። መንግሥት በተለወጠበት፣ ኢሕአዴግ በገባበት ዓመት ተወለድኩ በል ብዬ አስጠናሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ አልለቀቀችውም።

ኢልያስና እኔ በዚህ ነገር ስንት ስቀንበታል! ምክንያቱም በግንቦት 1983 ከተማው በተኩስ ሲናጥ ኢልያስ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከእናቱ እጅ አምልጦ እኛ ቤት ሮጦ በመግባት ከአልጋዬ ሥር ተወሸቀ። እስከ ማታ አልወጣም ብሎ በዳቦ ነው ያወጣሁት። በየዓመቱ የውድድሩ መክፈቻ ላይ በክለቡ አውቶቡስ ውስጥ ይህን ታሪክ ለአዳዲሶቹ ልጆች እየነገረ «እኔ ከመወለዴ በፊት ተኩስ የሰማሁ ብቸኛው ተከላካይ ነኝ» ይላቸው ነበር። አውቶቡሱ በሳቅ ይሞላ ነበር። ይህን ታሪክ በልብዎ ያኑሩልኝ፣ እመለስበታለሁ።

፬. በታኅሣሥ ወር ላሳዩኝ የእጅ ምልክት ምስጋናዬ ይድረስዎ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ኢልያስ ከተጋጣሚ አጥቂ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ድምፁን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ስደርስ ዓይኑ ተገልጧል፣ እያየኝ ግን አልነበረም። እንደ ደንቡ ዛሬ የምንጫወተው ከማን ጋር ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ ከፈረሰ ስምንት ዓመት የሆነውን ክለብ ስም ጠራልኝ። ያን ጊዜ ቀና ብዬ ወደ ትሪቡኑ ሳይ ክቡርነትዎ ቆመው እጅዎን በአየር ላይ ያሽከረክራሉ። ቶሎ አስነሣው ማለትዎ ነበር። ምልክቱ ግልጽ ስለነበር ለመረዳት አልተቸገርኩም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ አራስኩት፣ ብብቱን ይዤ አነሣሁት፣ ሜዳው አጨበጨበ።

ስድሳ ደቂቃ ተጫወተ። ሁለት ኳስ ከመስመር ላይ አወጣ። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ተሸለመ፣ ከእርስዎም ጋር ፎቶ ተነሣ፤ ፎቶው ዛሬ ከወንበርዎ ጀርባ የተሰቀለው ነው። ፎቶው የማያሳየው ከዚያ በኋላ መልበሻ ክፍል ውስጥ የሆነውን ነው። ስንት ለስንት ወጣን ብሎ አራት ጊዜ ጠየቀኝ። አራት ጊዜም ነገርኩት። ከዚያ ጫማውን ሲፈታ ቀና ብሎ እናቱ ጨዋታውን ለማየት መጥታ እንደሆነ ጠየቀኝ። እናቱን ከቀበርናት ዘጠኝ ዓመታችን ነው።

፭. ክቡርነትዎ ጨዋታ አዋቂ፣ የአራዳ ልጅ ስለሆኑ ለሰጡን ቀልድም ላመስግንዎ። በየካቲት ወር አንድ ጠዋት ኢልያስ ሙሉ ማሊያ ለብሶ፣ ታኬታ ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ምኒልክ አደባባይ ቆሞ አገኘሁት። የክለቡን አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው አለኝ። አውቶቡሱ ከዚያ ቦታ ሰው መጫን ካቆመ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ያን ቀንም ልምምድ አልነበረም። ወደ ቤት እንሂድ ስለው ተከተለኝ። እሪ በከንቱ ቁልቁለቱን ወርደን የግቢያችን በር ላይ ስንደርስ ግን አላቆመም፤ አልፎ ሄደ። ጠርቼ መለስኩት። ይህንኑ ለክቡርነትዎ በስልክ ባስረዳ፣ ስቀው «ጋሽ ወልዴ፣ ፒያሳ እንዲህ ፈርሶ መንገድ ያልጠፋበት ማን አለ? እኔም ራሴ ትናንት ጠፍቻለሁ!» አሉኝ።

እውነትዎን ነው፣ ፒያሳ ፈርሷል። እኔም የለመድኩት ጥግ ጠፍቶብኝ ቆሜ የቀረሁበት ቀን አለ። የእኛ ግቢ ግን አልፈረሰም። በሩ ያው አረንጓዴው ቆርቆሮ ነው፤ ኢልያስ በልጅነቱ በኳስ መትቶ ያጎደጎደው ቦታ እንኳ እንደጎደጎደ አለ። ለከተማው አዲስ ካርታ ይሠራለታል፤ ለኢልያስ ግን የሚሠራለት አላገኘሁም። ሁዳ ከዚያ ቀን ወዲህ በማሊያው አንገት ውስጠኛ በኩል ስልክ ቁጥሯን በጥቁር ክር ሰፍታለታለች።

፮. ስለ ቢሮዎ ሥርዓትም አንድ ቃል ልበል። የሐኪሙን ደብዳቤ ሁዳ ራሷ አምጥታ ለጸሐፊዎ በፊርማ አስረክባለች። ደብዳቤው አጭር ነው። ተጫዋቹ ከእንግዲህ ጭንቅላቱን ሊያስመታ በሚችል በማናቸውም እንቅስቃሴ እንዳይሳተፍ፣ ቢሳተፍ ለሚደርሰው ነገር ሐኪሙ ተጠያቂ እንዳልሆነ ይላል። ባለፈው ሰኞ የተጫዋቾችን ቴሴራ ልወስድ እርስዎ በሌሉበት ስገባ ይህንኑ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ አየሁት። የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል፤ የብርጭቆው ክብ ምልክት ቁልጭ ብሎ የሐኪሙን ማኅተም ከቦታል። ደብዳቤው ጥቅም ላይ በመዋሉ ተጽናንቻለሁ።

ተራ ቁጥሩ እዚህ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ለቁጥር አይመችም።

ማክሰኞ ማታ ኢልያስ ወደ ቤቴ መጣ። ለእሑድ ቁርጭምጭሚቱን እንዳሽለት ነበር። አሸሁት። ቴሴራውን ላየው አለኝ፣ ሰጠሁት። ፎቶውን አየ፣ የትውልድ ዓመቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበና በኩራት ፈገግ ብሎ ገና በሠላሳ አምስት ዓመት ምን ያደክመኛል አለኝ። እኔ ሳቅኩ፤ የድሮው ቀልዳችን መሰለኝ። እሱ አልሳቀም። ከአልጋዬ ሥር የተወሸቅክበትን ቀንስ ረሳኸው ወይ አልኩት፤ አልጋው ያው እሱ የተቀመጠበት ነው። ኢልያስ ግራ ገባውና በአክብሮት አየኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የተወለድኩት በዚያው ዓመት ነው፣ ኢሕአዴግ በገባበት» አለኝ። «ሌላ ልጅ ይሆናል።»

ያስጠናሁትን ቃል በቃል ነው የመለሰልኝ። ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የእኔ ውሸት ቀርታለታለች።

ከዚያ እጄን ያዘ። እጁ ሰፊ ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሙቅ ነው። ሽማግሌ እንዳያፍር ተጠንቅቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደክመዋል ጋሼ፣ ነገር እየተምታታብዎ ነው፣ የዘንድሮን ጨርሰው ጡረታ ቢወጡ አይሻልም ወይ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ክለብ ውስጥ አንድ ሰው መቼ መሰናበት እንዳለበት በፍቅርና በግልጽ ሲነገረው የሰማሁት በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ማታ ብቻ ነው። እሺ አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በነጋታው ረቡዕ ጠዋት ሐጂ ኡመርንና መምህር ዕዝራን ይዤ ወደ ኢልያስ ቤት ሄድኩ። በዚህ ጊዜ የላከን የለም። ሁዳ ስታየን ፊቷ ጠቆረ፤ ልጇን ይዛ ልትወጣ ስትል የመጣነው እንዲያቆም ልንለምነው ነው አልናት። ዘወር ብላ ምግብ አቀረበች። እህል አንቀምስም ብለን ሳንጨርስ ኢልያስ እሺ አለን፤ በቃኝ፣ እሑድ አልጫወትም አለ። በላን። ሁዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች፣ ሐጂም ዱዓ አደረጉ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤቴ ስወጣ ኢልያስ ታኬታውን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አውቶቡሱ ዘገየ አለኝ። ጠዋት መምጣታችንን ጠየቅኩት። ማን መጣ ብሎ መልሶ ጠየቀኝ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ኢልያስ ዛሬም ለሽማግሌ እምቢ አይልም፤ የገባው ቃል ግን ከእሱ ጋር አያድርም። እኛ ቀኑን ሙሉ ብንለምነው ማታ ላይ አውቶቡሱን ይጠብቃል። አውቶቡሱን የሚያቆሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስሙ ከዝርዝሩ ላይ እንዲሰረዝ፣ ቃሬዛና ነጭ ጨርቅ ሳያስፈልግ እንዲሰረዝ፣ በአደባባይ፣ አንባቢውን ሁሉ ምስክር አድርጌ እለምንዎታለሁ። ሌላ ተከላካይ አለን፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጠው ቴዎድሮስ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፣ የገዛ ስሙንም የተጋጣሚውንም ስም ያውቃል። ብንወርድ እንውረድ። ከሊግ የወረደ ክለብ ተመልሶ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስታችን ከቤትዎ እንመጣለን። እንደ ወጉ እንቀመጣለን፣ ጉዳያችንንም ባጭሩ እንናገራለን። ክቡርነትዎ የሽማግሌ ምርቃት እንደሚወዱ በየበዓሉ አይተናል። ሽማግሌ ምርቃት ብቻ ይዞ እንደማይዞር ደግሞ እናትዎ ሳይነግሩዎት አልቀሩም። ሐጂ ኡመር በሰማንያ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው በማንም ላይ አፋቸውን ከፍተው አያውቁም፤ ቅዳሜም እንዳይከፍቱ በርትቼ እየጸለይኩ ነው።

በቤትዎ ሰላም፣ በራስዎ ላይ ጤና፣ በልጆችዎ ትዝታ ውስጥ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ካባ ሳይደረብልኝና በድምፅ ማጉያ ሳይለቀስብኝ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን በፈቃዴ የለቀቅኩ፣ ሰማያዊውን ቦርሳ በመልበሻው ክፍል ሚስማር ላይ ሰቅዬ የሄድኩ፣

ሁልጊዜም ታዛዥዎ የነበርኩት
ወልደገብርኤል አንተነህ
የቀድሞ ወጌሻ፣ የቀድሞ ቴሴራ ጠባቂ፣ የቀድሞ ሽማግሌዎ

ማሳሰቢያ፦ ከትናንት ጀምሮ ቢሮዎ ውስጥ የሚፈለገው የኢልያስ ቴሴራ አልጠፋም፤ ጸሐፊዎን አይቆጡብኝ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዓመቱን በገዛ እጄ እንደዋሸሁ ከሚገልጽ የእምነት ቃሌ ጋር በአንድ ፖስታ አሽጌ፣ ለፌዴሬሽኑ መዝገብ ቤት አስገብቼ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ቅጣቱ እኔን ቢያገኘኝ አላዝንም፣ ክለቡን ካገኘው ግን ያሳዝነኛል። ፖስታው እስከ እሑድ ላይከፈት ይችላል፤ ክቡርነትዎም ምትክ ካርድ ለማውጣት ወዳጅ እንደማያጡ አውቃለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ መምጣታችን አይቀርም። ባለቤትዎ ስለ ምግቡ አይድከሙ፣ ቢያቀርቡም ይቀዘቅዛል። ሦስታችንም ሳንቀምስ መቀመጥ እናውቅበታለን፤ ያስለመዱን እርስዎ ነዎት።